ስንዝር ያልሞላ ዓሣ አትዘዙ፦ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ለምትመጡ እንግዶች ግልጽ ደብዳቤ

ውድ እንግዶቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ አንዳንዶቻችሁም ከባሕር ማዶ ዘመድ ልትጠይቁ መጥታችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ብቅ የምትሉ ሁሉ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ለመሥሪያ ቤት ብትጽፊ ይሻል ነበር ያሉኝ አሉ። እኔ ግን ነገሩ ያለው እናንተ እጅ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላችሁ “አንድ ዓሣ ጥብስ” ስትሉ የምትወስኑት ነገር አለ። እሱን ልንገራችሁ።

እኔ ዓሣ ጠባሽ ነኝ። ሐይቁ ዳር አንድ ምድጃ፣ ሁለት ትልልቅ መጥበሻ፣ አራት አግዳሚ ወንበር አለኝ። እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለቤቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ትልቁ ልጄ ጀልባ ይነዳል፤ እንግዳ ጭኖ ጉማሬ ሊያሳይ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይሄዳል። ትንሿ ልጄ ገና ተማሪ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ሎሚና ዳጣ ታቀርብልኛለች። የቤት ኪራዩም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም፣ የዓመት በዓል ዶሮውም የሚወጣው ከዚህ ውሃ ነው። ስለ ሐይቁ ሳወራ ስለ ጓዳዬ ነው የማወራው።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ነበር። ዓሣ የሚያጸዳልኝ አንድ ጎረምሳ አለ። ፈጣን ነው፤ ቅርፊቱን ጠርጎ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ በሁለት ጎኑ ተልትሎ እስኪያቀብለኝ ዘይቴ እንኳ በደንብ አይግልም። ዓሣዋ እጁ ላይ እንዳትንሸራተት አውራ ጣቱን አፏ ውስጥ ከቶ አገጯን ጠበቅ ያደርጋል። ያን ቀን ጣቱን ሲያወጣ ቢጫ ፍሬ ተከትሎት ወጣ። ከጤፍ ይበልጣል፣ ከማሽላ ያንሳል። መዳፉ ላይ ፈሰሰ።

“ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?” አለኝ።

“እንቁላል ነው።”

“ሆዷ ውስጥ አይደል እንዴ የሚሆነው?”

ሥራዬን ትቼ ነገርኩት። እናንተም የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። እዚህ ስትመጡ አብዛኛውን ጊዜ የምትበሉት ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይዛው ትከርማለች። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት እዚያው ነው። መዋኘት ከቻሉ በኋላ እንኳ የሚያስፈራ ነገር ሲያዩ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናትየው ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። መረብ ሲይዛት ብዙ ጊዜ ስትንፈራገጥ ትተፋዋለች። ለዚህ ነው እኛም ብዙውን ጊዜ የማናየው። ያቺ ግን አልተፋችም።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ መዳፉን እንደጨበጠ ሄዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ውሃው ውስጥ ገባና እንቁላሎቹን ለቀቃቸው። እንደማይተርፉ አውቃለሁ። አልነገርኩትም። ሲመለስ ቢላውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ።

ዓሣዋን በእጄ ለካኋት። ከስንዝሬ ሁለት ጣት ትጎድላለች። እንዲያም ሆኖ ጠበስኳት። ቀድሞ የታዘዘ ነበር፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁለት ጊዜ “ደረሰ?” ብሎ ጠይቆኛል። ይህን የምነግራችሁ እጄ ንጹሕ ነው ብዬ እንዳልጽፍላችሁ ነው። ያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ደብዳቤ የተጀመረው ያን ሌሊት ነው።

አሁን ስለ ወራቱ ልንገራችሁ። ቆሮሶ በሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ትወልዳለች። ዋናው የመራቢያዋ ጊዜ ግን ሁለት ነው። አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም። አስጋሪዎቻችን በልምድ ያውቁታል፤ ሐይቁን ያጠኑ ምሁራንም ይህንኑ ጽፈዋል። እስቲ እነዚህን ወራት ከእናንተ መምጫ ጋር አስተያዩአቸው። ጥር ላይ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። የካቲትና መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ዓሣ ቤቱ ይሞላል። (በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ፤ እሱን ለየሰዉ ሕሊና ትቼዋለሁ።) ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ነው፤ ከተማው ማደሪያ እስኪጠፋ ሰው ይመጣል። ጳጉሜና መስከረም ደግሞ ዘመን መለወጫና መስቀል። እናንተ የምትበዙበት ወር ሁሉ እሷ እንቁላል ይዛ የምትዞርበት ወር ነው።

አትምጡ ማለቴ አይደለም። ኧረ ምን ሲደረግ! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ እንግዳ የጠፋ ጊዜ ምን እንደሆንን እኛ እናውቃለን። ምድጃዬ አመድ ብቻ ነበረው። ሰው ሳይመጣ የሐይቁ ውበት ቤት ኪራይ አይከፍልም። እናንተ ስትመጡ ስንት ሰው እንደሚበላ ብታዩ ደስ ይላችኋል። አንድ ዓሣ ከውሃው ወጥቶ እናንተ ሳህን ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን እጅ ልቁጠርላችሁ።

አስጋሪው ማታ 12 ሰዓት ገደማ መረቡን ይጥላል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብርዱን ችሎ ሊያነሣ ይሄዳል። መረቡን የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ ዋርካው ሥር ክራቸውን ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በዳሰሳ ነው የሚሠሩት። ከታንኳው እስከ ገበያው ዓሣውን የሚሸከም ወጣት አለ። የሚያጸዳው አለ። ከሰል የምታመጣልኝ ሴት አለች፤ በባጃጅ ነው የምታመጣው፣ ስለዚህ ባለባጃጁም አለ። ዳቦ አቅራቢዋ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች። ቃሪያና ሎሚ ሻጯ፣ ከበላችሁ በኋላ ጀበናዋን ጥዳ የምትጠብቃችሁ ባለቡና፣ ጫማችሁን የሚጠርገው ሊስትሮ፣ በቆሎ እሸት የምትጠብሰው እናት፣ ፎቶ አንሺው። አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ሰዓታቸውን ያውቃሉ፤ አንጀቱ የሚጣልበትን ቦታ ከብበው ይቆማሉ። ልጆቻችሁ ቁመታቸውን አይተው ይጮሃሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ይፈራቸዋል፣ አንዳንዱ አብሯቸው ካልተነሣሁ ይላል። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ወፍ፣ የሚኖረው በዚያች ዓሣ ነው።

ዓሣዋ ግን እያነሰች ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ትልቁ መጥበሻዬ ሁለት ቆሮሶ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ጭራቸው ከጠርዙ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር። ያው መጥበሻ ዛሬም አለኝ። አሁን አራት አስተኝቼበት ቦታ ይተርፋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት የመረብ ዓይን ነው። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንሿን ያሳልፋታል፣ ትልቋን ይይዛል። ጠባብ ዓይን ያለው ያገኘውን ሁሉ ያፍሳል። የባለቤቴ መረብ ሰፊ ነው። አንዳንድ ጠዋት ስድስት ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴ አራት። አጠገቡ ያሰገረው ሰው ደግሞ ቅርጫቱን ሞልቶ ይወጣል፤ ስታዩት ግን ሁሉም መዳፍ የሚያህል ነው። ያንን ሰው እንደ ክፉ እንዳታዩብኝ። የሦስት ልጆች አባት ነው። ሰፊውን መረብ ጥሎ ባዶ እጁን ቤት የገባበት ሳምንት ነበር። ሚስቱ እኔ ጋ መጥታ ዱቄት ተበድራለች።

ሌላው ምክንያት ግን እኛ ጠባሾችና እናንተ በላተኞች መካከል ያለ ነው፤ ማንም አያወራውም። እናንተ የምታዙት በቁጥር ነው። “አንድ ዓሣ”፣ “ሁለት ዓሣ” ትላላችሁ። ምን ያህሏን ብሎ የሚጠይቅ ከአሥር አንድ ሰው ቢገኝ ነው። ትንሿን ዓሣ እኛ የምንገዛው በርካሽ ነው፤ እንዲያውም በክምር ነው የምትሸጠው። ጠብሰን ስናቀርባት ግን እሷም “አንድ ዓሣ” ናት። ዘይት ትንሽ ትፈጃለች፣ ቶሎ ትደርሳለች፣ ቶሎ ትነሣላችሁ፣ ወንበሩ ለሌላ ይለቀቃል። ስለዚህ ለጠባሽ ትርፉ ያለው ትንሿ ላይ ነው። ትርፍ ስላለው ጠባሽ ይፈልጋታል። ጠባሽ ስለፈለጋት አስጋሪው ጠባቡን መረብ ይገዛል። ይኸው ነው ጉዳዩ። ይህን ማውጣቴ የሥራ ባልደረቦቼን እንደሚያስከፋ አውቃለሁ። እህቶቼ፣ አትቀየሙኝ፤ ልጆቻችን ምን ሊጠብሱ ነው ብዬ ነው።

“ሕግ የለም ወይ?” ትሉ ይሆናል። አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የአስጋሪ ማኅበራትም አሉ፤ አባሎቻቸውን ይመክራሉ፣ ጠባብ መረብ ሲያገኙም ዝም አይሉም። ሐይቁ ግን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው ደግሞ የሚሠራው በጨለማ ነው። ሌሊት ማን ማንን ያያል? ናይለን መረብ ተጣጥፎ ኮት ኪስ ይገባል። የተቀማም ሰው በሳምንቱ ሌላ ይገዛል፤ ምክንያቱም ዓሣዋን የሚገዛው አለ።

እኔ ብቻዬን ምን አደረግሁ? ከዚያ ከጥር በኋላ ስንዝር ያልሞላ ላለመግዛት ወሰንኩ። ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ በቢላ ሁለት ጭረት አደረግሁ፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ስንዝር ነው። ከጭረቱ የምታጥረውን ቆሮሶ አልቀበልም። እንዲህ ያለችው ዓሣ ብዙ ጊዜ ወይ ገና አልወለደችም፣ ወይ መጀመሯ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ እንኳ ትውለድ ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ መጣ። ሰባት ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ አራት ልጆች። እናትየው ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ትንሽ ዓሣ ፈለገች። “ልጆቹ የየራሳቸውን ይዘው ፎቶ እንዲነሡ ነው” አለችኝ። ገባኝ፤ እኔም እናት ነኝ። “እህቴ፣ ሦስት ትልልቅ ልሥራላችሁ፣ ለሰባታችሁም ይበቃል፣ ሾርባውን ከጭንቅላቱ አወጣላችኋለሁ” አልኳት። ስለ እንቁላሉም ነገርኳት። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። አያትየዋ ብቻ “እውነቷን ነው” አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጎረቤቴ ጋ ሄዱ። ጎረቤቴ ሰባት ትንንሽ ጠበሰችላቸው። አልፈርድባትም። ያን ቀን እሷ ሸጠች፣ እኔ አልሸጥኩም። ልጄ ሎሚዋን ከትፋ ነበር፤ እየደረቀ ዋለ።

እንዲህ ያለ ቀን ስንት ጊዜ እችላለሁ? አንድ ሰው ብቻውን ሲተው ትቶ የሚቀረው እሱው ነው። ዓሣዋን ሌላው ይጠብሳታል። ሁላችንም በአንድ ቀን እንድንተው ሊያደርገን የሚችለው እናንተ “ትንሿን አልፈልግም” ስትሉ ነው። ጎረቤቴ ከእኔ ምክር አትሰማም፤ ከእናንተ ትእዛዝ ግን ትሰማለች። አስጋሪውም ከአዋጁ ይልቅ የሚሰማው ጠዋት ዓሣው ሳይሸጥለት ሲቀር ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ዓሣውን አሳዩን በሉ። ጥሬውን፣ ከመጥበሻ በፊት። ማንም አይቆጣችሁም፤ መብታችሁ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ አጠገቡ አድርጉ። ከአውራ ጣታችሁ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። ቆሮሶው ስንዝራችሁን ካልሞላ “ይሄን አንፈልግም፣ ትልቁን አምጪልን” በሉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ትልቅ ተካፈሉ። በአንድ ማዕድ መቁረስ እኮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጥብሱ ላይ ጣዕሙ ያለው ትልቁ ላይ ነው፤ ትንሿ አጥንት ናት፣ ዘይት ጠጥታ ትደርቃለች። ትልቁ ከላይ ተንኮሻኩሾ ውስጡ ነጭና እርጥብ ይሆናል፤ ዳጣውን ነክታችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ፣ በትኩስ ዳቦ ስትጎርሱት ታውቁታላችሁ።

በእነዚያ በመራቢያ ወራት ደግሞ ሌላ ዓሣ መኖሩን አትርሱ። ቢልጫ አለ። አጥንቱ ይበዛል፣ ልክ ናችሁ፤ ግን በደንብ ተልትሎ የሚያውቅበት ሰው ከሠራው አጥንቱ ሳይሰማችሁ ትበሉታላችሁ። አምባዛም አለ፤ በመንጠቆ ነው የሚያዝ፣ ሥጋው ይወፍራል፣ ለጉላሽና ለዱለት የሚስተካከለው የለም። ቅርፊት ስለሌለው በእምነቱ ምክንያት የማይበላው ሰው ብዙ ነው፤ አከብራለሁ። እናቴም ሳትቀምሰው ነው የሞተችው። የምትበሉ ግን ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አስጋሪው መንጠቆውን ትቶ ወደ መረቡ ይሄዳል።

ጀልባ ለምትሳፈሩም አንድ ነገር አለኝ። ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚሠራው ዳር ላይ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ያበጃል። ፊላውና ቄጠማው ያለበት ቦታ የጫጩቶቹ መደበቂያ ነው። ልጄን አንዳንዶቻችሁ “እዚያ ሳሩ ውስጥ አስገባን፣ ፎቶው ያምራል” ትሉታላችሁ። ገንዘብ ስትጨምሩለት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ወጣት ነው። እባካችሁ አትጠይቁት። ጉማሬውም፣ ወፉም፣ ታቦር ተራራም ከመሃል ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ስትጠልቅማ ከመሃል ሆኖ የሚታየውን ከሳሩ ውስጥ አታገኙትም።

ፕላስቲኩንም ሳልናገር አላልፍም። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከአዋሽ ወይም ከዓባይ ጋር አታወዳድሩት፤ የጣላችሁበትን ጠርሙስ ወስዶ የትም አያደርሰውም። ባለቤቴ ጠዋት መረቡን ሲያነሣ አንዳንዴ ከዓሣው የውሃ ጠርሙሱ ይበዛል። የጠጣችሁበትን እኔ ጋ አስቀምጡት፤ ሰብስቦ የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ለእሱም ገቢ ነው።

ስለ ዋጋ ደግሞ ጥቂት ልበል። ትልቅ ዓሣ ውድ ነው። ትልቁን ብቻ አዝዛችሁ በትንሿ ዋጋ ክርክር ከገጠማችሁን የለፋነው ሁሉ ከንቱ ነው። ክርክር የገበያ ወግ ነው፣ አልጠላውም። ግን እንግዳ ትልቅ ሆቴል ሄዶ የተጠየቀውን ከፍሎ ወጥቶ፣ እዚህ ወርዶ ዓሣ ከሚያጸዳው ልጅ ጋር ለጥቂት ብር ሲጨቃጨቅ ሳይ ይከፋኛል። ያ ልጅ እጁን እሾህ ወግቶት፣ በጨርቅ አስሮ ነው የሚሠራው። የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ሲወጋ ለቀናት ያማል። ዋጋው ከበዛባችሁ ለሦስት አንድ እዘዙ፤ እኔ ሾርባውን እጨምርላችኋለሁ።

እዚህ አገር ቆጥቦ መጠቀም ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን ያከብራል፤ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። በዚያ በዓል አባቶች ሕዝቡን ከሚመክሩት አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። በየዓመቱ ይባላል፣ በየዓመቱ ይደመጣል። እኔ ዛፉ ላይ የሚባለውን ዓሣዋ ላይ ነው የምላችሁ፤ ሌላ አዲስ ነገር አላመጣሁም።

ደግሞ ሰሚ አላጣሁም። ያቺ ትንንሽ የጠበሰችው ጎረቤቴ በጾሙ ማብቂያ ላይ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጭረት በጣቷ ዳሰሰችው። “ሰው ይጠይቅሻል?” አለችኝ። “አንዳንዱ” አልኳት። “ከጠየቁኝ እኔም አደርጋለሁ” አለች። የምትጠብቀው እናንተን ነው። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ደግሞ አሁን ቢላውን ከማሳረፉ በፊት የእያንዳንዷን አፍ ከፍቶ ያያል። ማንም አላዘዘውም።

ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ዓሣው ትኩስ የሚሆነው እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከቻላችሁ በዚያ ሰዓት ኑ። ከመግቢያው በስተቀኝ፣ ዋርካው ጋ፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ጭረት ያለበት ጠረጴዛ የእኔ ነው። ሌላ ጋ ብትበሉም ግድ የለኝም፤ እጃችሁን ብቻ ዘርጉ።

አክባሪያችሁ፣
አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰው እህታችሁ